ያልተቆጠረው ቢጫ ካርድ



በኅብረታችን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ሁለታችንም አቀርቅረን እንቀመጣለን። አንዱ ከሱስ እስራት ወጥቶ፣ ሌላዋ ሐኪም ተስፋ ከቆረጠባት አልጋ ተነሥታ ሲመሰክሩ፣ የእኛ ታሪክ አንድ ጣሳ የኳስ ተጫዋች ካርድ ብቻ ሆኖ ይታየንና ዝም እንላለን። ዘንድሮ ግን አንድ የቆየ ደብተር እጃችን ገባ። ደብተሩን ካየን በኋላ ዝም ማለት አልቻልንም። ስለ ደብተሩ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን። የምንበላለጠው በሁለት ዓመት ነው። ያደግነው ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው በሲሪንቃ ነው። አገር ሲሪንቃን የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏና በማሽላዋ ነው። እኛ ደግሞ በልጅነታችን የምናውቃት በሦስት ነገር ነበር፦ በማሽላ ማሳ ወፍ በመጠበቅ፣ በኪራይ ቤት በሚሰበሰበው ትንሹ ኅብረታችንና በኳስ።

አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለበት ካርድ ከማስቲካ ጋር እየተሸጠ ልጆች ይሰበስቡት እንደነበር የሰማነው ካደግን በኋላ ነው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ነገር ስላልነበረ ካርዳችንን የምንሠራው ራሳችን ነበርን። ሀትሪክና ሊብሮን የመሰሉ የስፖርት ጋዜጦች ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ ይገኙ ነበር። ሹፌር የምናውቅ ከሆነ እንልካለን፤ ካልሆነም ባለሱቁ ስኳር ከጠቀለለበት ወረቀት ላይ እንለቅማለን። የተጫዋቹን ምስል በጥንቃቄ ቆርጠን፣ በሳሙና ካርቶን ላይ በግራር ሙጫ ለጥፈን፣ እንዳይጣመም በመጽሐፍ ቅዱስ ሥር እናሳድረዋለን። (አባታችን ቃሉን ሌሊት የምናነብ መስሎት ነበር።) ከጀርባው ስሙን፣ ክለቡን፣ ያገባቸውን ጎሎች እንጽፋለን። ቢጫ ካርድ ካየ ደግሞ በቢጫ እርሳስ አንዲት ነጥብ እናደርግበታለን። የካርዶቹ ማስቀመጫ የኒዶ ጣሳ ነበር።

የልውውጡ ሕግ ጥብቅ ነው። አንድ ሳላዲን ሰኢድ በሦስት ሌላ ተጫዋች ይለወጣል። ደጉ ደበበ አምበል ስለሆነ በሁለት። ሜሲን ሰጥቶ ጌታነህ ከበደን የወሰደ ልጅ ሰፈራችን ውስጥ ነበረ፤ እስከ ዛሬ እናደንቀዋለን። ያን ሜሲ የወሰድነው እኛ ነን፤ ኋላ ለምን እንደዋለ ትሰማላችሁ። ከዋልያዎቹ መካከል በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረን፤ ምንያህል ተሾመ። የእሱን ፎቶ የያዘ ጋዜጣ በፈለግነው ቁጥር ያመልጠን ነበር።

የብሔራዊ ቡድናችንን ጉዞ ለዘነጋችሁት ባጭሩ እናስታውሳችሁ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ይህን አባታችን እሱ ራሱ ያገባው ይመስል ደጋግሞ ያወራልን ነበር። ከዚያ ግን እየራቀ ሄደ። በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊቢያ ላይ ከተካፈልን ወዲህ 31 ዓመት ሙሉ ወደ ውድድሩ አልተመለስንም። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የያዙት ቡድን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ሲመለስ የመልሱ ጨዋታ ለጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ተቀጠረ። ዕለቱ እሑድ ነበር።

እሑድ ለእኛ ችግር ነበር። ኅብረታችን የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከገጠር የሚመጡት ወገኖች ከብት አሰማርተው፣ በእግራቸው ተጉዘው የሚደርሱት ያኔ ስለሆነ። ኳሱም ያኔ ነው። ስለዚህ ለአባታችን፣ «ዛሬ ወፉን እኛ እንጠብቃለን፤ አንተ ወደ ጸሎት ሂድ» አልነው። ጥቅምት የማሽላ እሸት ጊዜ ነው፤ ግሪሳ አንዴ ከሰፈረ ማሳውን አራግፎት ይሄዳል። አባታችን በጣም ደስ አለው። እኛ ማማው ላይ ወጥተን፣ ትንሿን ሬዲዮ እግራችን ሥር አስቀምጠን፣ ወንጭፋችንን ጎን አድርገን ተቀመጥን። አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን ሲያገባ እንዴት እንደጮኽን አናውቅም፤ ግሪሳው ከማሳው ሁሉ እንደ ደመና ተነሣ። ሳላዲን ሁለተኛውን ሲጨምር ወፍ የሚባል አካባቢው አልቀረም። 2 ለ 0። በድምሩ 5 ለ 5፤ ከሜዳ ውጭ ባገባነው አለፍን። ማታ አባታችን ሲመለስ በኅብረቱ ፊት ቆሞ፣ «ልጆቼ ታዘዙልኝ፤ ለጸሎት ጊዜ ሰጡኝ» ብሎ ጌታን እንዳመሰገነ ነገረን። እራታችንን ቀና ብለን አልበላንም።

ይሄ ውሸት ነው፤ ሌብነት ግን ገና አልሆነም።

ሌብነቱ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13፣ ሰኞ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር ነበር፤ ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው፣ ሁሉም ሰው «ሐጂ» እያለ የሚጠራቸው ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ነበራቸው። ለሰው ሦስት ሦስት ብር ያስከፍላሉ። እኛ ስድስት ብር አልነበረንም።

ያለን ሣጥን ነበር። ኅብረታችን ከኪራይ ቤት ለመውጣት አንዲት ክፍል ሠርቶ ጣሪያዋ ቀርቶት ነበር። ለቆርቆሮ ተብሎ የሚሰጠው መባ በየሳምንቱ በሣጥን ይገባል። እኛ መጻፍና መደመር ስለምንችል ሽማግሌዎቹ፣ «ልጆቹ ይቁጠሩ፤ በደብተርም ይጻፉ» ብለው ሾሙን። አንዱ ቁልፍ በእኛ እጅ፣ ሌላው በገንዘብ ያዧ በእማማ እጅ ነበር። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ቢኖሩ ኖሮ አይወዱትም ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ፣ ማንበብ የተማሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሆነ ሴት ነበሩ። ፊደላቸው እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ድንጋይ ካብ ትልልቅ ነበር።

ስድስት ብር ወሰድን። «ብድር ነው» አልን። ብድር መሆኑን ለራሳችን ለማረጋገጥ ስንል ሜሲን አውጥተን ከጀርባው በእርሳስ «6» ብለን ጻፍን።

ሐጂ ቤት የዚያን ዕለት የነበረውን ነገር ያየ ይመስክር። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ዕረፍት ልንወጣ ስንል ገባብን። ሰዉ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ሐጂ ሻይ እየቀዱ፣ «አብሽሩ! አብሽሩ ልጆች፣ ገና ነው» ይሉ ነበር። በአሥር ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ እኛ «ጴንጤዎቹ»፣ ሁላችን ተቃቅፈን ዘለልን። ወሎ መሆን እንዲህ ነው፤ የሚያስተቃቅፈን አናጣም። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን። ለእነዚያም ጨዋታዎች የመግቢያ ብር አልነበረንም። ሜሲ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር እያደገ ሄደ።

እንዴት እንደሚያድግ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ለመግቢያ። ቀጥሎ፣ «ሁለት ጋዜጣ ቢኖረን ኖሮ የቡርኪናውን ሁሉ እንጨርስ ነበር» ብለን ለጋዜጣ። ቀጥሎ ለቢጫ እርሳስ። ከዚያ ወልድያ የሄደ ሹፌር ባለ ቀለም የተጫዋቾች ፖስተር ይዞ መጣ፤ ያንን ያላየ ልጅ አይፈርድብንም። በየእሑዱ ግን እማማ አጠገባችን ተቀምጠው እኛ መባውን ቆጥረን ትክክለኛውን ድምር ደብተሩ ላይ እንጽፍ ነበር። ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ የጎደለው ሣጥኑ ነው። ለፋሲካ ሜሲ ጀርባ ላይ 60 ደረሰ። ጌታችን መዝገብ ያለበት ቦታ ልብም በዚያ እንደሚሆን ያስተማረውን በሰንበት ትምህርት ለታናናሾቻችን ያስተማርነው እኛው ነበርን፤ ያውም በዚያው ወር።

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ሌላ እሑድ ሆነ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር አገባብን፤ ጌታነህ ከበደ መለሰ፤ ከዚያ ያው ፓርከር በራሱ ጎል ላይ አስገባ። 2 ለ 1! የአይሱዙ ሹፌሮች ከመርሳ እስከ ወልድያ ክላክሳቸውን አልለቀቁም። የምድቡ አንደኛ ሆነን ወደ መጨረሻው ማጣሪያ ማለፋችን ነው ተባለ። ብራዚል!

ደስታው አልሰነበተም፤ ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመረ ነው የሚል ወሬ በዚያው ዕለት ወጣ። ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ምንያህል ተሾመ መሰለፍ አልነበረበትም። ቀደም ባሉ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ነበርና አንድ ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ማንም አልቆጠረም። ያሸነፍነው ጨዋታ ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ተለወጠ፤ 13 የነበረው ነጥባችን 10 ሆነ።

እንዴት እንደተናደድን! «ሁለት ካርድ መቁጠር እንዴት ያቅታቸዋል?» እያልን ሰፈሩን አዳረስነው። «የምንያህል ካርድ ቢኖረን ኖሮ እኛ እንኳ ሁለቱን ነጥብ አድርገን እናውቀው ነበር» ብለን ለሐጂ ፎከርን። ሐጂ ዝም ብለው አዩን። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን ማመኑን በሬዲዮ ስንሰማ እንኳ አልበረደልንም። ይህን ሁሉ የምንለው ጀርባው ላይ 114 የተጻፈበት ሜሲ ኪሳችን ውስጥ እያለ ነው።

አሁን ስናስበው ነገሩ ይገርመናል። ቢጫው ካርድ በወጣ ጊዜ ማንም አልደነገጠም። ጨዋታው ቀጠለ፤ ቡድኑም አሸነፈ። ልጁም ክፋት አልነበረበትም፤ ግቡ ተባለ፣ ገባ። ግን ዳኛው ጽፎታል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ሰው ስለረሳው አይጠፋም፤ አገር በሙሉ አስፋልት ላይ ሲጨፍር ቆይቶ ይወጣል።

ዋልያዎቹ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን ኮንጎ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈው እንደገና አንደኛነታቸውን አረጋገጡ። በመጨረሻው ዙር የደረሰን ናይጄሪያ ነበር፤ የአፍሪካ ሻምፒዮን። ጨዋታው አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እሑድ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ፣ «ክረምቱ ወጥቷል፤ ቆርቆሮው ይገዛ። ጥቅምት 10 ሣጥኑ ተከፍቶ በጉባኤ ይቆጠር» ብለው አስታወቁ። ሁለታችን ተያየን። እስከ ጥቅምት 10 ብሩን መመለስ አለብን። መፍትሔ ብለን ያመጣነውን ስንነግራችሁ እንዳትስቁ፦ ካርዶቻችንን ወልድያ ወስደን በጨዋታው ቀን ለከተማ ልጆች እንሸጣለን፤ ጨዋታውንም እግረ መንገዳችንን በትልቅ ስክሪን እናያለን። ለመጓጓዣ፣ ለመግቢያ፣ ለምሳና ለባንዲራ ብለን ቅዳሜ ማታ ከሣጥኑ 100 ብር ወሰድን። ዕዳ ለመክፈል ከባለዕዳው ደግመን ተበደርን። ሜሲ ጀርባ ላይ 214 ተጻፈ።

ወልድያ ላይ ካርዳችንን ማንም አልገዛንም። አንድ ልጅ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ'ኮ የሳሙና ካርቶን ነው» ብሎ መለሰልን።

ጨዋታውን እንዴት እንነግራችኋለን? ኳሱ መስመሩን አልፏል፣ አላለፈም ተብሎ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ጎል ተከለከልን። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ ወልድያ ተናወጠች። አሥር ደቂቃ ያህል ብራዚል ነበርን። ከዚያ ኢመኒኬ አቻ አደረገ። በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ያው ኢመኒኬ። 1 ለ 2። ሰው ሁሉ ቁጭ ባለበት ቀረ። በጭነት መኪና ላይ ተጭነን በጨለማ ወደ ሲሪንቃ ስንመለስ ሁለታችንም ቃል አልተናገርንም። ከመኪናው እንደወረድን አንድ የሰፈር ልጅ እየሮጠ መጥቶ፣ «የት ሄዳችሁ? ዛሬ'ኮ ሣጥናችሁ ተቆጠረ!» አለን። የቆርቆሮ ነጋዴው መኪና በሳምንቱ መካከል ስለሚመጣ ሽማግሌዎቹ ቀኑን አስቀድመውት ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛንም። ከሁለታችን አንዱ ወደ መርሳ አክስታችን ዘንድ እንጥፋ አለ። ሌላው አለቀሰ። ማን ማን እንደሆነ አንነግራችሁም።

በነጋታው አንድ ሽማግሌ አስፋልቱ ላይ አገኙን። ልንሸሽ ስንል ጠሩንና ሁለታችንንም አቅፈው ሳሙን። «ተባረኩ ልጆቼ! ከደብተሩ ጋር አንድ ብር እንኳ ሳይዛነፍ! በጥቂቱ የታመናችሁ በብዙ ትሾማላችሁ» አሉን። በሰው ፊት ነው የተናገሩት። በሕይወታችን እንደዚያ ምስጋና ያለ የሚያቃጥል ነገር ቀምሰን አናውቅም።

ከዚያ በቀጥታ እማማ ቤት ሄድን። እንዝርታቸውን ይዘው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ከሁለታችን ማንኛችን መናገር እንደጀመርን አናስታውስም። ሜሲን አውጥተን ገልብጠን ሰጠናቸው። ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ እንዝርቱን አላስቀመጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከፋሲካ ጀምሬ አውቃለሁ። ቁልፍ አለኝ'ኮ።»

«ታዲያ ማን ሞላው?»

«ተሞላ» አሉ፤ በዚህ ብቻ አበቁ።

እንከፍላለን፣ በወፍ ጥበቃ፣ በቀን ሥራ፣ እንዲህ እናደርጋለን ብለን ስንንተባተብ እጃቸውን አነሡ። «ዕዳው አልቋል። ያለቀ ዕዳ አይከፈልም። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ይህን ዛሬ ማታ ለአባታችሁ ትነግሩታላችሁ። ሁለተኛ...» ቆም ብለው ወደ ማሳቸው አዩ። «ወፉ ማሽላዬን ጨረሰው፤ የሚጠብቅልኝ ልጅ የለኝም።»

ለአባታችን ነገርነው፤ የማማውንም ጨምረን። ይቆጣል፣ ይገርፈናል ብለን ነበር። «ያን ቀን'ኮ ጌታን አመስግኜ ነበር» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከብቶቹ ዘንድ ብዙ ቆየ።

እውነቱን ለመናገር፣ ይቅርታው ወዲያው አልጣመንም። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን፣ ከአናሲሞስ የምትፈልገው ዕዳ ካለ በእኔ ስም አስቆጥርብኝ ያለበትን፣ ስናነብ ሁሌ ደስ ብሎን ነበር። አናሲሞስ ምን እንደተሰማው ግን አስበን አናውቅም። በሌላ ሰው ጉልበት የተከፈለ ዕዳ ተሸክሞ በዚያ ሰው ደጅ ማለፍ ያሳፍራል። ለጥቂት ወራት ከሁለታችን አንዱ እማማን ላለማግኘት በዙሪያ መንገድ ይሄድ ነበር። ብንገረፍ ኖሮ ተከፈለ ብለን እንረሳው ነበር። የእሳቸው ዝምታ ግን ምንም እንድንከፍል አልፈቀደልንም። ጸጋ ነጻ ነው ብለን እንዘምራለን፤ ለሚቀበለው ግን ትዕቢቱን ሁሉ ያስከፍለዋል። የእኛ ትዕቢት ደግሞ፣ «እኛ'ኮ ሌቦች አይደለንም፤ ተበዳሪዎች ነን» የሚለው ነበር።

ወፉን ግን ጠበቅን። እስከ አጨዳ ድረስ፣ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት። በወንጭፍ፣ በጅራፍ፣ በጩኸት። ሬዲዮ አልያዝንም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ካላባር ላይ የመልሱ ጨዋታ ነበር። በእኛ ሰዓት ምሽት ስለሆነ ወፍም፣ ሥራም አልነበረም። ወደ ሐጂ ቤት አልሄድንም፤ እማማ ለእራት ጠርተውን ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳው ያልፍ ነበር። ቪክተር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። እማማ እንጀራ እያጠፉ፣ «ገባብን?» አሉ። «ገባብን» አልን። መጨረሻው አካባቢ ሁለተኛው ገባ። 2 ለ 0። ብራዚል አበቃ። እማማ ኳስ ምን እንደሆነ ብዙም አያውቁም ነበር፤ ፊታችንን አይተው ግን ዝም ብለው ሁለት ጊዜ አጎረሱን።

ቡና ሲፈላ ከሙዳያቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በርበሬ ተጠቅልሎበት የመጣ፣ ጠርዙ የቀላ ጋዜጣ ነበር። «ይሄ ነው ያ ያጠፋው ልጅ? ስሙ የተጻፈበትን አንብቤ ያስቀመጥኩላችሁ» አሉ። ምንያህል ተሾመ ነበር! ሁለት ዓመት የፈለግነው። እዚያው በፍም አጠገብ ቆረጥነው። በነጋታው ለጥፈን ከጀርባው ስሙን ጻፍን። አንዱ ቢጫ እርሳሱን አነሣ፤ ሌላው እጁን ያዘው። ነጥቦቹን አላደረግንባቸውም።

ቆርቆሮው ተመታ። ዓመታት አለፉ። በ2009 ዓ.ም. ጥር ወልድያ ላይ ትልቁ ስታዲየም ተመርቆ፣ ወልድያ ከነማም ያኔ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት፣ እኛም የቀን ሥራ ሠርተን ባገኘነው ብር ትኬት ቆርጠን ገባን። ከአባታችን ጋር ሦስት ሆነን። አባታችን ስለ 1954ቱ ዋንጫ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ነሐሴ ሰሜን ወሎ ላይ የደረሰውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ እዚህ አንዘረዝረውም። በእግራችን ስንወጣ ጣሳው አልጋ ሥር ቀረ። ስንመለስ አልጋውም፣ ጣሳውም አልነበረም። ሰው ልጁን ባጣበት፣ ዘሩን ባጣበት ዓመት ስለ ካርድ ማልቀስ ነውር ስለሆነ አላለቀስንም። ግን አሁንም አንዳንዴ ማታ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀጥላል፤ ደጉ ደበበ፣ ሲሳይ ባንጫ፣ ሽመልስ በቀለ፣ በኃይሉ... ጀርባቸው ላይ የጻፍነውን ጭምር እናስታውሳለን።

እማማ ያን ጊዜ ከቤታቸው ይዘው የወጡት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውንና በመቀነታቸው የታሠረ የኅብረቱን ደብተር። ባለፈው ዓመት ወደ ጌታ ሄዱ። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ ጠርተውን፣ «የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ እናንተ ያዙት» አሉን። ለእነርሱም ያኔ የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ይሄን ሹመት ሳናወራ መቀበል አልቻልንም። ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ያቀፉን ሽማግሌ ሰምተው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲህ ደብተሩን ውሰዱ» ብለው ሰጡን።

ላቡና ዝናቡ ያወዛው፣ ልባሱ የተላጠ ደብተር ነው። የእኛ የልጅነት ጽሕፈት በየገጹ አለ፤ እሑድ፣ ብር፣ ሳንቲም። እስከ መጨረሻው ገጽ ገልጠን አናውቅም ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ እንደ ድንጋይ ካብ በተከመሩት ፊደሎች፣ ሦስት መስመር ተጽፏል።

ሚያዝያ — ልጆቹ መለሱ፣ 60 ብር።

ሰኔ — ልጆቹ መለሱ፣ 54 ብር።

ጥቅምት 3፣ ጠዋት — ልጆቹ መለሱ፣ 100 ብር።

ከሥሩ 214 ብለው ደምረው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።